«ኢል ፓርል» ስንት ቀለም ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል። «ኢል ፓርል»፣ ማለትም «ይናገራሉ»፣ የሚለውን የፈረንሳይኛ ግስ መጽሐፍሽ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አስተማሪሽ ግን «ፓርል» ብላ ባንድ ቀለም፣ ማለትም ባንድ የድምፅ ክፍል፣ ትጨርሰዋለች። ማን ነው ልክ ብለሻል። ሁለቱም ልክ ናቸው። መጽሐፉ የሚያሳይሽ መስመር ሲያልቅ ቃሉ በጽሑፍ የት እንደሚሰበር ነው። አስተማሪሽ የምትነግርሽ ደግሞ ጆሮ የሚሰማውን ነው።

እኔ ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ፣ ወጥ ቤት ስሠራ መጀመሪያ ያየሁትን ሁሉ አነብ ነበር። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደላት፣ ኧ-ኤን-ቴን (ent)፣ ሳልተው «ኢል ፓርላን» እላለሁ። «ፓርላን» ደግሞ «እየተናገረ» ማለት ነው! ሰዎቹ ዓረፍተ ነገሩን እስክጨርስ ቆመው ይጠብቁኛል። እነዚያ ፊደላት በ«እነሱ» ግስ ላይ ሲመጡ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል፣ ይናገራሉ፣ አራቱም «ፓርል» ናቸው።

ታዲያ ነጠላና ብዙው በምን ይለያል? ግሱ በአናባቢ ሲጀምር በደንብ ይሰማል። «ይወዳል» ኢ-ሌም ነው፤ «ይወዳሉ» ኢል-ዜም። ያቺ «ዝ» ናት ብዙ ቁጥሯ። እዚህ ላይ ፊደላችን በጣም ይረዳል። የፊተኛው ቃል መጨረሻ ተነባቢ የሚቀጥለውን አናባቢ ይዞ «ሌ» ወይም «ዜ» ሲሆን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። እኔ ደብተሬ ላይ የሰማሁትን ሁሉ በፊደል ነበር የምጽፈው።

ድምፅ አልባዋን «ኧ» እንደ ሳድሳችን አስቢያት። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ አላት፣ አንዳንዴ የላትም፤ ጽሑፉ አይነግርሽም። «እንጠራለን» ሲጻፍ ግሱ «አ-ፐ-ሎን»፣ ሦስት ቀለም ነው፣ ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ «አ-ፕሎን»፣ ሁለት። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሴይና ቱሉዝ ብትሄጂ ግን ያቺን «ኧ» ብዙዎች ያሰሟታል፤ «ፓርል» እዚያ «ፓር-ለ» ይሆናል። ዘፈን ላይም እንደዚያ ልትሰሚው ትችያለሽ፤ አትደንግጪ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እኔን በጣም ያስደሰተኝን። «ይሮጥ ነበር» ኢል ኩ-ሬ ነው። «ቢችል ይሮጥ ነበር» ስንል ያለው ግን «ር»ን አጥብቆ፣ ኢል ኩር-ሬ። ልዩነታቸው ማጥበቅና ማላላት ብቻ ነው። ብዙ የውጭ ተማሪ እዚህ ጋ ይቸገራል። አንቺ ግን በዓሉን «ገና» እና «ገና ነው» የሚለውን «ገና» ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትለዪ ነው የኖርሽው። «እሞታለሁ» የሚለውም የወደፊት ግስ (ዠ ሙር-ሬ) እንደዚሁ «ር»ው ይጠብቃል። ዛሬውኑ ጮክ ብለሽ ሞክሪያቸው።