ጄሜተር ስታክ እያደረገ ሲያስቸግር

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አንባቢያችን ለአንድ የኮምቦልቻ ጅምላ አከፋፋይ የትእዛዝ ድረ ገጽ ሠርታለች። እሑድ ማታ ለባቲ ሰኞ ገበያ የሚሰናዱ ነጋዴዎች በአንዴ ይገቡበታል። ይችል እንደሆነ ለማየት ጄሜተር በተባለው የጭነት መፈተኛ ፕሮግራም 500 የማስመሰያ ተጠቃሚ ለቀቀችበት። ትንሽ እንደሄደ ጄሜተር ራሱ ስታክ አደረገ፤ ውጤቱም አብሮ ጠፋ።

እህቴ፣ ድረ ገጽሽ ገና አልተፈተነም። የደከመው ላፕቶፕሽ ነው። የከፈትሽው «ቪው ሪዘልትስ ትሪ» የተባለው የጄሜተር ውጤት ማሳያ መልሶቹን ከነይዘታቸው ሚሞሪ ላይ እየያዘ ስክሪኑን ያለማቋረጥ ያድሳል። በአንድ ሁለት ተጠቃሚ ስህተት ለመፈለግ ግሩም ነው። ለጭነት ፈተና ግን ዝጊው።

ፈተናውን በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ እየጻፍሽ በምትሰጪበት ቦታ፣ አስኪጂ። «ጄሜተር» ካልሽ በኋላ ሰረዝ ኤን፤ ያለ መስኮት ሂድ ማለት ነው። ሰረዝ ቲ የፈተና ፋይልሽን፣ ሰረዝ ኤል ውጤቱ የሚጻፍበትን ፋይል ያስከትላሉ። ሰረዝ ኢ፣ ከዚያም ሰረዝ ኦ ከባዶ ፎልደር ስም ጋር ከጨመርሽ፣ ሲያልቅ በብሮውዘር የሚከፈት ሪፖርት ይሠራልሻል። ፊደሎቹ ሁሉ ትንንሾቹ ይሁኑ። በየሙከራው አዲስ ፋይል ስጪ፣ አለዚያ የትናንቱና የዛሬው ይደባለቃል፣ ሰረዝ ኢ ካለበት ደግሞ ጄሜተር አልጀምርም ይላል።

ሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ የስህተቱን መቶኛ እይ። የስህተት ገጽ ቶሎ ስለሚመለስ ድረ ገጹን ፈጣን ያስመስለዋል። ቀጥሎ፣ አማካዩን ብቻ አይተሽ አትርኪ። ከ100 ጥያቄ 90ው በ0.4 ሰከንድ፣ 10ሩ በ12 ሰከንድ ቢመለሱ አማካዩ 1.56 ሰከንድ ይሆናል። ደህና ይመስላል። 12 ሰከንድ የጠበቀ ነጋዴ ግን ስልኩን አንስቶ ሌላ አከፋፋይ ጋ ይደውላል። እሱን የሚያሳይሽ 95ኛው ፐርሰንታይል ነው፤ ከ100 ጥያቄ 95ቱ በስንት ሰከንድ ውስጥ እንደተመለሱ ይነግርሻል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ቁጥር ነው።

ውጤት ፋይሉ ውስጥ «ኮኔክት» የሚለው፣ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት የፈጀውን ጊዜ የሚይዘው ዓምድ ከተጋነነ፣ ጊዜው ብዙውን ጊዜ የሚባክነው መንገድ ላይ ነው። በቤት ዋይፋይ 500 ሰው መላክ የራስሽን መስመር መፈተን ይሆናል። ሰርቨሩ አጠገብ ካለ ሌላ ማሽን ሞክሪው።

ውጤቱን ከሰርቨሩ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ጋር ስታስተያዪ ደግሞ ሰዓቱን ልብ በዪ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጀመርሽው ላፕቶፕሽ ላይ 20:00 ነው። ሰርቨሩ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ከተሞላ ሎጉ ውስጥ 17:00 ላይ ፈልጊው።