ሰዓቷ ስትቀድም

ለጎንደር ወጣቶች፣

ስለ መጠጥ ስትጠይቁ ሁልጊዜ «ስንት ቢጠጣ ነው ሱሰኛ የሚባለው?» ትላላችሁ። ቁጥር ያታልላል። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራና 40 በመቶ የሆነ 40 ሚሊ ሊትር አረቄ የያዙት አልኮል ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ «እኔ ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው» የሚለው እንግዲህ ማስተባበያ አይሆንም። የቤት አረቄማ ጥንካሬውን ማንም አይለካውም። እኔ ሰዓቱን ነው የማየው። የቅዳሜ ማታው ረቡዕም ከተደገመ፣ የማታው ምሳ ሰዓት ላይ ከመጣ ልብ በሉ።

መጨረሻ የምትመጣው ሰዓት ጠዋት ናት። ፒያሳ ቁርስ ቤት የተቀመጠ ልጅ ሻዩን ሲያነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል። በሁለት እጁ ይይዘዋል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ፍርፍሩን ገፋ ያደርገዋል። አንዲት መለኪያ ስትገባ እጁ ይረጋል። ጓደኞቹ «መድኃኒቱ ናት» ብለው ይስቃሉ፤ ከምልክቶች ሁሉ ከባዱ ግን ይኸው ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ለማካካስ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ አልኮሉ ሲወጣ ፍጥነቱ ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጡ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ብቻውን፣ በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አልመክርም። እኛ ዘንድ ብዙው የሚያቆመው ጸበል ሲገባ ወይም ሱባኤ ሲይዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነቱ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ደግሞ የሌለ ሰው ሊያይ፣ ሊቃዥ፣ ሊያተኩሰው ይችላል። ቤተሰብ «ያደረበት ጮኸ» ይላል። ሕመሙ ግን መጠጥ በድንገት ከመቋረጡ የመጣ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። ጸበሉን አልከለክልም፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም ይየው። በዲያዜፓም (በሚያረጋጋ መድኃኒት) እና በቫይታሚን ቢ1 ክትትል እየተደረገለት ቀስ ብሎ ይወጣል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ጫትም የራሱ ሰዓት አለው። ምርቃናው እንቅልፍ ስለሚነሳ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ ይጠጣል፤ የመጠጥ እንቅልፍ ደግሞ ስብርብር ያለ ነው፤ ተነጫንጮ ይነሳና ሐራራውን ለማስታገስ ወደ ቅጠሉ ይመለሳል። ሁለቱ ይጠባበቃሉ። ምግብ መዝለል፣ የሆድ ድርቀት፣ ባልቃመበት ሌሊት ዱካክ (ክፉ ቅዠት) ከታከለበት ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። «ለፈተና ነው» ለምትሉ ተማሪዎች፦ ያነበባችሁትን ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚያስቀምጠው እንቅልፍ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ትራማዶልን (የሕመም ማስታገሻ ክኒን) ከመጠጥ ጋር መቀላቀል ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጓደኛችሁን ልታናግሩ ስትሉ በምርቃና ሰዓት አይሁን፤ ያኔ የሚገባው ቃል ሁሉ ከቅጠሉ ጋር ይተፋል። በልቶ፣ ረጋ ብሎ፣ ብቻውን ሲሆን ያያችሁትን ብቻ ንገሩት። «ሰካራም ሆንክ» አትበሉት፤ «በዚህ ሳምንት ሁለት ጠዋት ከክፍል ቀረህ» በሉት።

ጠጥቶ የወደቀና ሲጠሩት የማይነቃ ሰው ካጋጠማችሁ በጎኑ አስተኙት። ቡና አታጠጡት፣ ውኃ አትድፉበት፣ ጣት ከትታችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ትውከቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ካልነቃ አትጠብቁ፤ ባጃጅ ጥሩና ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። በተለይ ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ካነሰ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አንዲት ደቂቃ አታባክኑ። የጠጣውንና የዋጠውን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፤ የክኒኑ ባዶ ማሸጊያ ካለም ይዛችሁ ሂዱ።