ከመውጣታችሁ በፊት መዝሙሩን ዝቅ አስደርጉት

«ጋሼ፣ እሑድ እሑድ ተናድጄ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው። ድራሙ፣ መብራቱ፣ የማላውቀው መዝሙር… ቤተ ክርስቲያን ልቀይር? ወይስ መንፈሳዊነት የጎደለኝ እኔ ነኝ?»

የጠየቀችኝ ልጅ ገና 24 ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለውን ቅሬታ ከሽማግሌዎች መስማት ለምጃለሁ፤ ከወጣት ስሰማው ግን ደነገጥኩ። ለመጻፍ የተነሣሁት ግን በእሷ ዕድሜ ተገርሜ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ይህንኑ ጠይቀው መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ ነው።

እኚያ አባት በአጥቢያቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በግራ በኩል ግድግዳውን ተጠግተው ነበር የሚቀመጡት። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ በየቤቱ ተደብቀው ከዘመሩት ምእመናን አንዱ ናቸው። ያኔ መዝሙር በሹክሹክታ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱ ይሸፈናል፣ ጭብጨባ የለም፣ ጊታር የለም። ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር የሚይዘው ቃሉን ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች አምስትና ስድስት አንቀጽ ያለውን መዝሙር ያለ ደብተር ከዳር እስከ ዳር የሚያወርዱት ለዚህ ይመስለኛል።

አጥቢያው አዲስ የድምፅ መሣሪያ ገዛ፣ የአምልኮ ቡድኑም በወጣቶች ተተካ። አባት ጥቂት ወራት ታግሠው ለሽማግሌዎች አመለከቱ። ያሉት አንድ ቃል ነው፦ «መዝሙሩ ከበደኝ።»

ቃሉን ሁሉም በየፊናው ተረጎመው። ወጣቶቹ «ዘመኑን አልተቀበሉም» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ትዕግሥት ያስፈልጋል» አሉ። በመጨረሻ መፍትሔ ተብሎ በየእሑዱ አንድ የድሮ መዝሙር እንዲጨመር ተወሰነ። መዝሙሩ ተጨመረ። አባት ግን እሱም ሲዘመር ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም ነበር። ይሄኔ የሚራሩላቸው እንኳ «እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ልባቸው ነው የቆረጠ» ማለት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዱ። ቀጥሎ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ ቀሩ።

በሌላ ብልሽት ምክንያት መሣሪያው ሲፈተሽ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። የግራው ስፒከር የቆመው ከእሳቸው ወንበር 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ በጆሮ ከፍታ ላይ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ 16 ሜትር ይርቃል። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 16 ሲደመር 18 ዴሲቤል ነው። በአዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ልዩነቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። የድምፅ ባለሙያው ከኋላ ቆሞ ለራሱ ጆሮ በሚመቸው ልክ ሲያስተካክል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሰዎች ጆሯቸው ይደበደብ ነበር። የድሮው መዝሙርም ቢሆን የሚዘመረው በካሴት በተቀዳበት ኪይ (ዜማው በሚነሣበት ከፍታ) ሳይሆን አንድ ወጣት ዘማሪ አዲስ ባቀናበረበት ኪይ ነበር፤ አራት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በኪቦርድ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ቆጥሮ አራት ቁልፍ ከፍ ብሎ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ጉሮሮ እዚያ አይደርስም። «ከበደኝ» ያሉት ቃል በቃል እውነት ነበር።

ስፒከሩ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ ፊቱ ወደ መካከለኛው ረድፍ ሲያጋድል፣ ኪዩም ሲወርድ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ሙሉ አልፈጀም። በሚቀጥለው እሑድ የሦስተኛው ረድፍ እናቶች ድምፅ ተሰማ። አባት ግን ወደ ልጃቸው ከተማ ሄደው ነበር። በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ ድምፅና ስለ ኪይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ነኝ። ምን እንደከበዳቸው አልጠየቅኋቸውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ብስጭታችሁን የእምነት ጉዳይ ከማድረጋችሁ በፊት በታትኑት። «ስልቱ አልተመቸኝም» ከምትሉት ውስጥ ብዙው የኪይ፣ የድምፅ መጠንና የስፒከር አቀማመጥ ነው።

ከኪይ ጀምሩ። ያልሠለጠነ ጉባኤ ሳይጨነቅ የሚዘምረው ከታችኛው ኤ ወይም ቢ ፍላት እስከ ላይኛው ዲ ድረስ ነው (ከኤ እስከ ጂ ያሉት የኖታ ስሞች ናቸው፤ ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሻርፕ ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ነው)፤ ወንዶች ያንኑ አንድ ኦክታቭ (አሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ) ዝቅ አድርገው ይዘምሩታል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጉሮሮ ገና ስላልተፍታታ ከዚያም ያንሳል። የመዝሙሩን ከፍተኛ ድምፅ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አዝማቹ ውስጥ ነው። ኤፍ ሻርፕ ከሆነ እስከ ዲ አራት ግማሽ ድምፅ አለ፤ መዝሙሩ አራት ይውረድ። በጂ የነበረው ኢ ፍላት ይሆናል ማለት ነው። ጊታሪስቱ ኢ ፍላት አይመቸኝም ካለ ካፖውን (የጊታሩን ክሮች የሚጫነውን መቆንጠጫ) የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አስሮ የዲን ኮርዶች ይጫወት። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ ቁልፉን (ኪይ የሚቀይረውን) ከተጠቀመ መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ይህ ሲረሳ ቀጣዩ መዝሙር ላይ ቤዙ ሌላ ኪቦርዱ ሌላ ይሆናሉ፤ ዘማሪው ደግሞ የተሳሳተው እሱ መስሎት ይደነግጣል። ዝቅ ሲል የመዝሙሩ ታችኛው ድምፅ ከኤ በታች ከወረደ መዝሙሩ የሶሎ ነው፤ ዘማሪው ይዘምረው፣ ጉባኤው ይስማ። የዛሬ ልጆች መዝሙርን ከዩቲዩብ ስለምታጠኑ የተቀዳበትን ኪይ እንደ ግጥሙ አካል ታዩታላችሁ። ለአንድ ሰው ጉሮሮ ስቱዲዮ ውስጥ የተመረጠ ኪይ ነው፤ ለአምስት መቶ ሰው አልተመረጠም።

የድምፁን መጠን በስልክ አፕ መለካት ይቻላል። ስልክ ፍጹም አይደለም፣ ረድፍን ከረድፍ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ከፊት፣ ከመካከል፣ ከኋላ ለኩ። በሥራ ቦታ የጆሮ ጥበቃ የታወቀው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ለአንድ ሰዓት፣ 100 ለ15 ደቂቃ ብቻ። የ45 ደቂቃ አምልኮ በ100 ዴሲቤል ከተካሄደ ከልኩ ሦስት እጥፍ አልፏል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የማንም ምርጫና ጣዕም ጉዳይ አይደለም።

ድምፁ የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ ከመድረክ ነው። ድራመሩ ይመታል፣ ጊታሪስቱ ራሱን ለመስማት አምፕሊፋየሩን ይጨምራል፣ ዘማሪዎቹ «ሞኒተር ጨምርልን» (የራሳቸውን ድምፅ የሚሰሙበትን የመድረክ ስፒከር) ይላሉ፣ በመጨረሻ ዋናው ስፒከር ሁሉንም ለመብለጥ ይከፈታል። ስለዚህ ከላይ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ሞኒተሩና አምፕሊፋየሩ ይውረዱ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ዝቅተኛው ድምፅ ይጠራቀምና ቃሉን ይውጠዋል፤ በዘማሪዎቹ ማይክ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥና ኢኮውን መቀነስ ብዙ ይረዳል። አዳራሹ ረጅም ከሆነ የፊቶቹን ከመጨመር መሐል ላይ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች መጨመር ይሻላል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታልና የመሐሎቹ 15 ሜትር ርቀው ከቆሙ 44 ሚሊሰከንድ ዲሌይ (መዘግየት) ይሰጣቸው፤ አለዚያ ኋላ ያለው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ብስጭት አለ፤ «ይህ መዝሙር የእኛ አይመስልም» የሚባለው። መዝሙሩ በአምባሰል ቅኝት ወጥቶ ኪቦርዲስቱ ሜጀር ኮርድ (የፈረንጆቹን የሦስት ድምፅ ጥምረት) ሲያለብሰው የሚመጣ ስሜት ነው። ከሲ የሚነሣ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። የሲ ሜጀር ኮርድ ኢን ይጨምርበታል፤ ኢ ደግሞ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ሲና ጂን ብቻ ቢይዝ ዜማው ይተነፍሳል። በአንቺሆዬ ቅኝት ግን ይህም አይሠራም፤ ጂው ራሱ ወደ ጂ ፍላት ወርዷልና ሲን ብቻ መያዝ ይሻላል። ምቱም እንዲሁ ነው፤ ችክችካ (በስድስት የሚቆጠረው ምት) የነበረው በኪቦርዱ ዝግጁ ምት ወደ አራት ሲቃና እጅ ማጨብጨቢያው ይጠፋዋል።

ቃሉም ይጠፋል። ዜማ በችኮላ ሲሠራ መጥበቅና መላላት ይረሳሉ። «ይሰማል» ሲላላ እግዚአብሔር ጸሎት ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሰ እና መ ሲጠብቁ ድምፁ ለሌላው ይደርሳል ማለት ይሆናል። አጭር ኖታ ላይ የወደቀ ጥብቅ ፊደል መዝሙሩን ሌላ ነገር ያስብለዋል፤ ምእመኑ ምክንያቱን ባያውቅም ግራ ይጋባል።

ድራምን አትውቀሱ። ዛሬ «የድሮ» ብለን የምንናፍቃቸው የኳየር መዝሙሮች በጊታርና በአኮርዲዮን ሲመጡ ያጉረመረመ ሰው ነበር። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ በወር አንድ እሑድ ድራሙም ኪቦርዱም ዝም ብለው ጉባኤው ብቻውን ቢዘምር ደስ ይለኛል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ሁለቱንም አምናለሁ።

ስለ አዲስ መዝሙር ብዙ አልልም፤ በአንድ እሑድ ከአንድ አይብለጥ፣ ለተከታታይ ሦስት እሑዶችም ይደገም።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ልጄ፣ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ መድረኩ ሥር ሄደሽ አትናገሪ፤ ደክመዋል፣ የሚሰሙሽም እንደ ነቀፋ ነው። በልምምድ ቀን ሂጂ። «አምልኮው ሥጋዊ ሆኗል» አትበዪ፤ መልስ የለውም። ሦስት መዝሙሮች መርጠሽ፣ የእያንዳንዱን ከፍተኛ ድምፅና ስንት ግማሽ ድምፅ መውረድ እንዳለበት በወረቀት ጽፈሽ፣ ከሦስቱ ረድፎች የለካሽውን ዴሲቤል ከሥሩ አስፍረሽ ለአምልኮ መሪው ስጪው። ለአራት እሑድ ብቻ እንዲሞክሩት ለምኛቸው። በእነዚያ እሑዶች መድረኩን አትመልከቺ፤ ዞር ብለሽ የአረጋውያኑን ከንፈር ተመልከቺ፤ በረንዳው ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካለም አጠገቡ ሄደሽ ምን እንደከበደው ጠይቂው።