ብሬከር ሲወርድ፣ ሶኬት ሲጠቁር፦ ጥያቄና መልስ

የሥራ ዘርፌ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና ጥገና በመሆኑ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ «ኮንታክት ፈጠረ» ሲባል ሾርት ማለት ነው?

መልስ፦ ቃሉ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶችን አንድ ላይ ስለሚያደባልቅ እኔ በበኩሌ ብዙም አልወደውም። ሾርት የሚባለው ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራሉ (የሚመልሰው ሽቦ)፣ አምፖልም ሆነ ምድጃ በመካከላቸው ሳይኖር፣ በቀጥታ ሲነካኩ ነው። ኮረንቲውን የሚገታው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ስለሚሆን መጠኑ በቅጽበት ያሻቅባል፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ቢሆን 440 አምፔር ይፈሳል ማለት ነው። ሁለተኛው ብልሽት የላላ ማያያዣ ሲሆን፣ እዚያ ኮረንቲው ጨርሶ አይጨምርም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤቱ ብሬከር በየጊዜው እየወረደ ስላስቸገረን ባለ 16 አምፔሩን በ32 ብንቀይረውስ?

መልስ፦ እባክዎ አይቀይሩት። ብሬከር፣ ማለትም ኮረንቲ ሲበዛ መስመሩን በራሱ የሚቆርጠው ማጥፊያ፣ የሚጠብቀው ምድጃውን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ ለ16 አምፔር በተዘረጋ ሽቦ ላይ 32 ቢገጠም፣ ብሬከሩ ዝም ብሎ ሽቦው መጋል ይጀምራል። ይልቁንስ አወራረዱን ያስተውሉ። እንደተነሣ ወዲያውኑ ጧ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሾርት አለ፤ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ነቅለው ብሬከሩን መልሰው ያንሡት፣ ያኔም ከወረደ ችግሩ በመስመሩ ላይ ነውና ባለሙያ ይጥሩ፣ ካልወረደ ግን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን ያገኙታል። ደቂቃዎች ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጭነት በዝቶበታል። ባለ 2000 ዋት ምድጃ፣ ባለ 2000 ዋት የውሃ ማፍያና ባለ 1200 ዋት ካውያ በአንድ መስመር ላይ አብረው ሲሠሩ ወደ 24 አምፔር ይጠጋሉ።

ጥያቄ፦ የአንዱ ሶኬት ፊት ጠቁሯል፤ ብሬከሩ ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ያሰጋል?

መልስ፦ ከሁሉም ይልቅ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። በአንድ ቤት ተመሳሳይ ሶኬት ስከፍት፣ ሽቦውን የሚይዘው ብሎን በጣት ብቻ ሲነካ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ፤ የሽቦው ልባስ ሁለት ጣት ያህል ከስሎ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈር ነበር፣ መዳቡም ጠቁሮ ነበር። የቤቱ ሰዎች ብሬከሩ ስለማይወርድ መስመሩ ጤነኛ መስሏቸው ኖሯል። ብሬከር ግን የሚያየው የኮረንቲውን መጠን ብቻ ነው። ባለ 2000 ዋት ምድጃ 9 አምፔር ገደማ ሲስብ፣ በላላው ብሎን ላይ አንድ ኦም ሬዚስታንስ ቢፈጠር ወደ 75 ዋት የሚሆን ሙቀት በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ይህም የበራ ባለክር አምፖል በጠባብ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እንደመቅበር ነው። ስለዚህ ሶኬቱን መጠቀም ዛሬውኑ ያቁሙ። የሚጠግነው ሰው ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ በቴስተር ካረጋገጠ በኋላ፣ የተቃጠለውን የሽቦ ክፍል እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ቆርጦ በአዲስ ሶኬት ላይ አጥብቆ ይሰር። የሶኬቱን ፊት ብቻ መቀየር ጠባሳውን መሸፈን ነው።

ጥያቄ፦ ብሬከር ሰውንስ ከመያዝ ያድናል?

መልስ፦ አያድንም። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ኮረንቲ ይበቃል። ለዚህ የተሠራው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ መሬት የሚፈስ ኮረንቲ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጠው አርሲዲ የተባለ መሣሪያ ነው፤ የመሞከሪያ ቁልፉን አልፎ አልፎ እየተጫኑ መሥራቱን ያረጋግጡ። ሆኖም አንድ ሰው ፌዙንና ኒውትራሉን በሁለት እጁ ቢይዝና ወደ መሬት የሚፈስ ነገር ባይኖር፣ አርሲዲውም እንደ አምፖል ስለሚቆጥረው አይቆርጥም።

ጥያቄ፦ ከሶኬት እሳት ቢነሣ ውሃ ይደፋበታል?

መልስ፦ በፍጹም። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉ፤ እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ በዱቄት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳት ማጥፊያ ይጠቀሙ። ዋናው ማጥፊያ ጋ መድረስ ካልተቻለ ቤተሰቡን ይዘው ይውጡና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።

ጥያቄ፦ የተበጠሰ የካውያ ገመድ በናስትሮ ቢጠቀለልስ?

መልስ፦ ናስትሮ ይሸፍናል እንጂ አያጠብቅም፤ ከሥሩ ያለው በእጅ የተጠመዘዘ መዳብ ቀደም ሲል ካነሣሁት የላላ ብሎን በምንም አይለይም። ገመዱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩት።