ጥቁር ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ አይደለም

እንዲህ ብለህ ጠይቀሃል፦ «የሲሊከን ናይትራይድ ሴራሚክ ናሙናዬን ፖሊሽ አድርጌ ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ጥቁር ነጥብ በነጥብ ነው። ሶፍትዌሩ 8 በመቶ ቀዳዳ አለው ይላል። ደረቁን፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲወጣም መዝኜ እፍጋቱን ሳሰላ ግን 3.2 መጣ። የቱን ልመን?»

ወንድሜ፣ ሚዛኑን እመን። ሙሉ በሙሉ የጠበቀ ሲሊከን ናይትራይድ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 3.2 ግራም አካባቢ ነው። 8 በመቶው እውነት ባዶ ቢሆን ኖሮ 2.9 ገደማ ታገኝ ነበር። ያየኸው ቀዳዳ ሳይሆን አንተው ስትፈጭ የነቀልከው ቅንጣት ነው።

የዚህ ሴራሚክ ቅንጣቶች ረጃጅም ናቸው፣ እርስ በርስ ተቆላልፈው ነው የሚቀመጡት፣ በመሃላቸው ደግሞ ሲጋገር ከተጨመረው ኢትሪያና አሉሚና (የኢትሪየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) የመጣ ቀጭን ብርጭቆ መሰል ነገር አለ። በሻካራ ዲስክ ስትጫነው ከላይ ብቻ አይፋቅም፤ ከሥሩም ይሰነጠቃል፣ ቅንጣቱም ተፈንቅሎ ይወጣል። ጠርዙን አጉልተህ እየው። የእውነት ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ለስላሳና ክብ ነው። የተነቀለ ቅንጣት የተወው ጉድጓድ ግን ሹል ጥግ አለው።

የብርጭቆ ወረቀቱን ተወው። የቪከርስ ጥንካሬው (ፒራሚድ መሰል አልማዝ ተጭኖበት የሚለካው) 1500 አካባቢ የሆነ ነገር ላይ ቶሎ ይዶለድምና ከመቁረጥ ይልቅ ያሻሻል። በአልማዝ ዲስክ ፍጭ፣ ከዚያ ጠንካራ ጨርቅ ላይ በ9 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር 9 ሺኛ) የአልማዝ ዱቄት ቆይ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ ሥራው ያለው ግን እዚሁ ነው! በ9 ያልጠፋ ጉድጓድ በ3ም በ1ም አይጠፋም፤ ማብረቅ ብቻ ነው የሚሆነው።

መቼ እንደሚበቃ ለማወቅ አንድ ዘዴ ልንገርህ። በቪከርስ ማሽን፣ በ10 ኪሎ ጭነት፣ አንድ ምልክት ምታበት። የምልክቱ ሰያፍ፣ ማለትም ከጥግ እስከ ትይዩው ጥግ ያለው ርዝመት፣ 110 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። በየአምስት ደቂቃው ፖሊሽ አቁመህ ለካው፤ ሰያፉ 7 ማይክሮን ባጠረ ቁጥር ከላይ 1 ማይክሮን ያህል ተነስቷል ማለት ነው። ያንኑ ቦታ ፎቶ አንሳው፣ ግን ከጥጎቹ ስንጥቅ ስለሚወጣ ትንሽ ራቅ በል። ጥቁሩ እየቀነሰ ከሄደ የመንቀል ጉዳይ ነው፤ መቀነሱን ሲያቆም የቀረው የናሙናው የራሱ ነው።

ከዚያ በ3፣ በ1 ማይክሮን አልማዝ፣ በመጨረሻ በኮሎይዳል ሲሊካ (ፈሳሽ ውስጥ የተበተነ እጅግ ደቃቅ ሲሊካ) ጨርስ። ቅንጣቶቹን ለይተህ ማየት ከፈለግህ እንደ አሉሚና ምድጃ ውስጥ አየር ላይ አታሙቀው፣ ላዩ ኦክሳይድ ይሆንብሃል፤ የካርቦን ቴትራፍሎራይድና የኦክስጅን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ ኃይል የተነቃቃ ጋዝ) ነው የሚሻለው። ሲሊካው ደግሞ ሳይደርቅ ናሙናውንም ጨርቁንም በውሃ እጠብ፣ አንዴ ከደረቀ አይለቅም።