ፌንታኒልን ተይውና የሪፈር ወረቀቱን እዪ

እህቴ፣ «እናቴ ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቯ ጠቦ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፤ ፌንታኒል የሚባለው የኦፕራሲዮን ማስታገሻ ልብ ያቆማል ይላሉ፣ እምቢ እንበል ወይ?» ላልሽው፦ እንዳትሉ! ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ቫልቭ አሠርቶ ዛሬ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል።

1. ፌንታኒል የልብ ምት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ቫልቩ ለጠበበ ሰው ግን የሚፈለገውም እሱ ነው፤ ልብ ሲቸኩል ደሙ በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ያጣና ወደ ሳንባ ይመለሳል። ምቱ ከልክ በላይ ከወረደ የሚያፈጥነው አትሮፒን አለላቸው። ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ከሰውነት እያስለቀቀ የደም ሥር የሚያሰፋውና ግፊት የሚጥለው ሌላው ማስታገሻ፣ ሞርፊን ነው፤ ፌንታኒል በዚህ አይታማም። ጉልበቱ የሞርፊንን 100 እጥፍ ያህል ስለሆነ በማይክሮግራም ነው የሚለካው። ከሌላ ማደንዘዣ ጋር ሲሰጥ ግን እሱም ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ትንፋሽም ያዳክማል፤ እናታችንን ከኦፕራሲዮን በኋላ መተንፈሻ ማሽን ላይ ብታያቸው እንዳትደነግጪ።

2. የሚወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ጫትም ከሆነ ጫት። የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ወንድሜ «በርጫ የሚባል አላውቅም» ሊል ሲል በክርኔ ነካሁት። የድሬ ልጅ ይህን ብሎ ማን ያምነዋል?

የኛ ጣጣ ግን ትራማዶል የሚባል የፌንታኒል ዘመድ ማስታገሻ ነበር። ለወገቡ ለወራት ሲውጠው ከርሞ፣ እዚህ ሪፈር ሲጻፍለት ስሙ እንኳ አልተነሳም። ይጨመርልን ብዬ ብጠይቅ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ቀና ሳትል «ሐኪሙ አንተ ነህ?» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ሳይቀር አጉረመረመ። ማንኳኳት ቢሰለቸኝ ባዶውን የክኒን ፓኬት በፌስታል ጠቅልዬ አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ።

ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ሪፈሩን አነበበ፣ ፓኬቱን አገላበጠ፣ ከዚያ «ይሄን ይዘህ መምጣትህ ጥሩ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የለመደ ሰውነት በተለመደው መጠን ሕመሙ ላይታገስለት ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው አስበውበት ገቡ። ሴትዮዋ በሰማች!

3. እናታችን ለጉልበትም ይሁን ለወገብ የሚውጡት ካለ ፓኬቱን ዛሬውኑ ሰብስቢ። ሪፈሩን ደግሞ ማህተም ሳያርፍበት አንብቢው፤ ካረፈበት በኋላ «አይነካም» ነው የሚሉሽ።