የቢሮና የደንበኞች አገልግሎት ሥራ፦ ስለ ደመወዙና ስለሚፈለገው ችሎታ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ማስታወቂያው «ደመወዝ 9,000» ይላል። እጄ ላይ የሚገባው ስንት ነው?

እህቴ፣ መጀመሪያ «ግሮስ ነው ኔት?» ብለሽ ጠይቂ። ግሮስ ምንም ሳይቆረጥ ያለው ጠቅላላ ደመወዝ ነው፤ ኔት ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅሽ የሚገባው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግሮሱ ነው። በሐምሌ 2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15%፣ እስከ 7,000 ድረስ 20%፣ እስከ 10,000 ድረስ 25%፣ እስከ 14,000 ድረስ 30%፣ ከዚያ በላይ 35% ነው። በአጭሩ ለማስላት ጠቅላላውን በደረሰበት መቶኛ አባዥና ተቀናሹን አንሺ፦ ለ15% 300፣ ለ20% 500፣ ለ25% 850፣ ለ30% 1,350፣ ለ35% 2,050።

9,000 በ25% ሲባዛ 2,250፣ 850 ሲነሳለት ግብሩ 1,400 ይሆናል። ጡረታ 7%፣ ማለትም 630 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው 6,970። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ሲያሰላ ነው። ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላው ላይ ነው። አሠሪው ከኪሱ የሚጨምረው 11% ጡረታ ከደመወዝሽ አይቆረጥም፤ ተቆርጦ ካየሽ ጠይቂ።

ከዚሁ ከደሴ፦ «ኔት 8,000 ካልሆነ አልገባም» ብል ግሮሱን ስንት ልበል?

10,556 ብር ገደማ። ከ8,000 ላይ 1,350 ቀንሰህ ለ0.63 አካፍል (ከ100% ላይ 30% ግብርና 7% ጡረታ ሲነሳ 63% ይቀራል)። ይህ የሚሠራው ግሮሱ ከ10,000 እስከ 14,000 ባለው እርከን ውስጥ ሲወድቅ ብቻ ነው።

ከወልዲያ፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሻላል ወይስ የግል?

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ከፍ ብሏል። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ፣ «በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ለመደራደር 11,500ውን መነሻ አድርገው። ኔቱ 8,595 ነው። አነስተኛ የግል ድርጅት ያን ላይከፍል ይችላል፤ ግን ከዚያ ምን ያህል ዝቅ እንዳልክ አውቀህ ብትገባ ይሻላል። በመንግሥት ቤት እድገቱ በእርከን ነው። በግል ቤት ካልጠየቅህ የሚጨምርልህ የለም።

ከኮምቦልቻ፦ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ልጨምር ወይስ ሌላ ኮርስ?

ወንድሜ፣ ወረቀቱ በር ያስገባል፤ በር ላይ የሚጥለው ግን ኤክሴል ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ የከተማው መጋዘኖችና ፋብሪካዎች የቢሮ ሠራተኛ ሲፈትኑ አንድ ፋይል ሰጥተው «አስተካክል» ይላሉ። የሚወድቁባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ቀን። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። «30/02/2017» ብለህ ጥቅምት 30ን ብትጽፍ፣ በፈረንጅ የካቲት 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ሌሎቹን ግን ቀን ያደርጋቸዋል። ያኔ ዝርዝሩን በቅደም ተከተል ስታደርግ ይደበላለቃል። የባሰው ጳጉሜን ነው፦ ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ «5/13/2017» ሜይ 13 ይሆናል። መፍትሔው ዓምዱን ከመጻፍህ በፊት «ቴክስት» ማድረግና ዓመቱን አስቀድሞ 2017-13-05 ብሎ መጻፍ ነው። እንደ ጽሑፍም ቢሆን በትክክል ይደረደራል።

ሁለተኛ፣ ስልክ። በ09 የሚጀምረው ቁጥር የመጀመሪያዋን ዜሮ ያጣል። ይህንም ዓምድ ቴክስት አድርገው።

ሦስተኛ፣ ቪሉክአፕ (ከሌላ ሰንጠረዥ መረጃ ፈልጎ የሚያመጣው ቀመር)። መጨረሻው ላይ ዜሮ ወይም ፎልስ ካላስገባህ «ተቀራራቢውን» ፈልጎ የሌላ ሠራተኛ ደመወዝ ያመጣልሃል፤ ስህተት ነው ብሎም አይነግርህም። በስም መፈለግ ደግሞ እኛ ጋ አይሆንም፦ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፤ ኃይሌ፣ ሀይሌ። ለኤክሴል እያንዳንዱ የተለየ ሰው ነው። በመታወቂያ ቁጥር ፈልግ።

ከዚህ ሌላ ሰምኢፍ (በመስፈርት የሚደምር ቀመር) እና ፒቮት ቴብል (ዝርዝርን አጠቃሎ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) ይበቃሉ። ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ቆይቶ ይደርሳል።

የአማርኛ ጽሑፉን በዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ በሚነበበው የፊደል አጻጻፍ) ጻፍ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ወደ ውጭ የሚላከውን በፒዲኤፍ ላከው። ደብዳቤው ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ግልባጭና «አባሪ፦ 3 ገጽ» ይኑር፤ የአባሪው ገጽ ብዛት ካልተጻፈ አንዱ ወረቀት ሲጠፋ ማን ጋ እንደጠፋ አይታወቅም። ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ንግግሩን ሁሉ አትገልብጥ፤ የተወሰነውን፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ ጻፍ። በመንግሥት ቤት ንብረት የሚነካህ ከሆነ ከንብረት ቅጾቹ ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 20 መጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ወጪ መሆናቸውን አውቀህ ሂድ።

ሲኦሲው በቴክኒክና ሙያ ለተማረ ሰው ግዴታው ነው። አንተ ግን ያንን ጊዜ ለኤክሴል ብታውለው ይሻላል።

ከከሚሴ፦ ቋንቋ ደመወዝ ይጨምራል?

ለብቻው በደመወዝ መስመር ላይ አይጻፍም፤ ግን ማን እንደሚመረጥ ይወስናል። የወሎ አቀማመጥ ይህን ይሰጣል፦ ከከሚሴ ኦሮምኛ፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል አፋርኛ፣ ከአላማጣ ወዲያ ትግርኛ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰው ካለ ባንኩም፣ የጭነት ድርጅቱም ይፈልገዋል። ማመልከቻው ላይ «ኦሮምኛ፦ እናገራለሁ፣ በቁቤ እጽፋለሁ» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። መናገርና መጻፍ አንድ አይደለም።

ከሐይቅ፦ ለጥሪ ማዕከልና ለባንክ ደንበኞች አገልግሎት ፈተናው ላይ ምን ያያሉ?

ድምፅና ትሕትና አለን፤ ወሎዬ በዚያ አይታማም። የሚጥለን መዝገብ ነው። አንድ አቤቱታ ሲመጣ አምስት ነገር ይያዛል፦ ስም፣ ስልክ፣ ችግሩ በደንበኛው ቃል፣ የደወለበት ሰዓት፣ የተገባለት ቀጠሮ። «አብሽሩ፣ ይስተካከላል» ደስ ይላል፤ መልስ ግን አይደለም። «እስከ ነገ 5 ሰዓት እደውላለሁ» መልስ ነው፤ ካልተስተካከለም በዚያው ሰዓት ተደውሎ እንዳልተስተካከለ ይነገራል። ሰዓቱን ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ፤ መዝገቡ በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ደንበኛው በሐበሻ ሰዓት ከጠበቀ 6 ሰዓት ልዩነት ይመጣል።

ፈታኙ የተናደደ ደንበኛ መስሎ ሲጮህ ማቋረጥ የለም። ሲጨርስ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ ንገሩትና «ልክ ነኝ?» በሉት። ሚስጥር ቁጥር ወይም በስልክ የሚላክ ማረጋገጫ ኮድ ከደንበኛ መጠየቅ ወዲያውኑ ይጥላል።

ከኮምቦልቻ፦ በሙከራ ላይ ነኝ፣ ማታ ያሠሩናል። ይከፈለኛል ወይ?

ይከፈልሃል። በአዋጅ 1156/2011 ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሙከራ ላይ መሆንህም የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይከለክልህም። እስከ ማታ 4 ሰዓት 1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የሰዓቱን ዋጋ ለማግኘት ደመወዙ ለ208 ይካፈላል፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። በ9,000 ብር አንዱ ሰዓት 43.27፣ በ1.5 ደግሞ 64.90 ይሆናል። የሠራህበትን ቀንና ሰዓት በራስህ ደብተር ያዝ፤ ሳምንት በሳምንት አለቃህን አስፈርም።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ለገንዘብ ተቀባይነት ዋስ አምጣ አሉኝ። አጎቴ ሊፈርሙልኝ ነው፣ ምን ይጠንቀቁ?

ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ላይ በቁጥርና በፊደል ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና አይጸናም። ቦታው ባዶ በሆነ ቅጽ ላይ አጎትህ እንዳይፈርሙ፤ በኋላ ማን እንደሚሞላው አይታወቅም። ሥራውን ስትለቅ ሒሳብህን አስረክበህ የዋስትናውን ወረቀት ተቀበል፣ ካልሆነም ዋሱ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፍ። ከዋስ ውጭ «የመመዝገቢያ» ወይም «የሥልጠና» እያሉ ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቁ ካሉ ግን ትተህ ውጣ፤ ቀጣሪ ከተቀጣሪ አይሰበስብም።